የላሟ ቀንድ አልነበረም

በሩቅ አገር ላለሽው፣ ለበደልኩሽ እህቴ ለየብርጓል፤

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱና በጋው፣ ይህ ክፉ ዘመንስ እንደምን ይዞሻል? ባልሽ ዋኘው ደኅና ነው ወይ? ልጅሽስ አደገች? ነጋዴው ገብረ ኪዳን አዲስ አበባ ላይ አግኝቶሽ፣ ሴት ልጅ ታቅፈሽ ጡት ስታጠቢያት እንዳየሽ ነገረኝ። ይህን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ፣ ምክንያቱን ከታች ስጽፍልሽ ታውቂዋለሽ።

እኛም ደኅና ነን ማለት ወጉ ነበር። ግን በአንቺ ላይ አንድ ጊዜ ሐሰት ተናግሬአለሁና ሁለተኛ አልጨምርበትም። እህታችን ሙላቷ አርፋለች። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀበርናት። መርዶ በሰው አፍ እንጂ በወረቀት አይነገርም፤ ነገር ግን ከእኔ በቀር ማን ይነግርሻል? እርምሽን አውጪ።

የገደላት የእናታችን በሽታ ነው። ካቻምና በሰኔ ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች። አላመማትምና ዝም አለች። እንደምታውቂው ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ከዘመቻው ሳይመለስ ስለ ቀረ ገላዋን የምታሳየው ሰው አልነበራትም። የጡቷ ቆዳ ሲሰረጉድና ብብቷ ሲያብጥ ነው ለእኔ የነገረችኝ። ጠበል ወሰድኳት፤ ሰባት ሳምንት ተጠመቀች። ባለቤቴ ደብሪቱ በሽታው ይጋባል ብላ የምትበላበትን ለየችባት። ሙላቷ ጎተራው ጥግ ለብቻዋ ስትበላ እያየሁ እኔም ዝም አልኩ።

በመጨረሻ በበቅሎ አድርጌ ደብረ ማርቆስ ወደ ጣልያኖቹ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አምና ክምራችንን ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። ደጃቸው ቆሜ ኩታዬን አደግድጌ ለመንኳቸው።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። መርምሯት እጁን ታጠበና በአስተርጓሚ ይጠይቀኝ ጀመር። ዕድሜዋ ስንት ነው? ወልዳ አጥብታለች ወይ? እናቷስ በምን ሞተች? እናታችንም በዚሁ ሞታለች፣ ግን እሷን ላም ጡቷን ወግታት ነው አልኩት። ከወጋቻት በኋላ እብጠቱ በስንት ጊዜ ታየ አለኝ። በሦስት ሳምንት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለው ነገር ለዓመታት ተደብቆ የሚያድግ ነው፣ በሦስት ሳምንት አይበቅልም፤ ሲያማት እጇን ወደዚያ ሰድዳ ቀድሞ የነበረውን አገኘችው እንጂ ቀንዱ አላመጣውም አለኝ።

ታዲያ ከምን ይመጣል፣ የሰው ዓይን ነው ወይስ እርግማን ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱም አይደለም፣ ሥሩን ግን እኛም ጨርሰን አናውቀውም አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፤ ባልወለዱና ባላጠቡ ሴቶች፣ በመነኮሳይያትም ላይ ይበልጥ ይታያል፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል አለኝ። ቢሆንም ወልዳ አጥብታም የምትያዝ አለች፣ ከዚያው ዘር ሆና የሚያልፋትም አለች። ከሰው ወደ ሰው ግን አይጋባም። ገና ሽምብራ አክሎ ሳለ ብታመጣት ቆርጬ አወጣው ነበር፣ አሁን ግን አልፏል አለ። ሙላቷ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

የብርጓል፣ ያን ቀን ጥጃዋን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ገመዱ ከእጅሽ አመለጠ፤ ላሟም ወደ ጥጃዋ ስትዞር የምታልባትን እናታችንን ወጋቻት። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በሁለተኛው ዓመት እናታችን ስትሞት፣ በተዝካሯ ቀን በሰው ሁሉ ፊት እናቴን የገደለች ይህች ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ከነጋዴዎች ጋር ዓባይን ተሻገርሽ።

ከደብረ ማርቆስ እንደ ተመለስን አክስታችንን ወለተ ሐዋርያትን አስጠራኋቸውና የእናታችን እናት፣ አያታችን፣ በምን ሞቱ ብዬ ጠየቅኋቸው። በንዳድ አሉ። ሙላቷ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ፣ እኔ ሟች ነኝ፣ ለእኔ አይዋሹኝ አለቻቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። አያታችንም የአያታችን እህትም የሞቱት በጡት በሽታ ነው። ለምን ደበቁን ብላቸው፣ ዘራቸው ደዌ አለበት ከተባለ ማን ያገባችኋል ብለን ነው አሉ። የብርጓል በላሟ ስትወቀስስ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። ሰው ምክንያት አግኝቶ ነበር፣ ሌላ እንዳይፈልግ ብዬ ነው አሉ። የዘራችንን ደዌ ለመሸፈን ነበር አንቺን አሳልፈው የሰጡሽ፤ እኔም በሰው ፊት የወነጀልኩሽ።

እንግዲህ ከእናታችን ደም ንጹሕ ነሽ። ያው ደም ግን በአንቺም ውስጥ አለ። ስለዚህ ጡትሽንና ብብትሽን በእጅሽ ዳብሺ። ጠጣር ነገር ካገኘሽ፣ አያምም ብለሽ እንደ ሙላቷ አትቆዪ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ማጥባትሽ ይረዳሻል፣ ዋስ ግን አይሆንሽም። ልጅሽም ለአካለ መጠን ስትደርስ ሳትደብቂ ንገሪያት።

ሙላቷ ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት ለየብርጓል ጽፈሃል ወይ አለችኝ። እጽፋለሁ አልኳት። ምሕረት እንዳትለምናት፣ እውነቱን ብቻ ንገራት፣ መማሩ የእሷ ነው አለችኝ። ስለዚህ አልለምንሽም።

ዋኘውን ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባታችን ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን ሳነብላቸው ስምሽ ያለበትን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ደብሪቱ ሰላም ትልሻለች፤ የሐኪሙን ቃል ከሰማች ወዲህ እስከ መጨረሻው ከሙላቷ ጋር በአንድ ገበታ በልታለች። አክስታችን ወለተ ሐዋርያትን ሰላምታ ልጻፍልዎ ወይ ብላቸው፣ በምን አፌ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ወንድምሽ ፈንታ
ሮብ ገበያ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት