ለብረት የማይሆን ጫማ

ውድ እማማ፣

ደብዳቤ ስጽፍልዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስልክ እያለ ምን ቆርጧት ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ይሉና ወሬውን ወደ እኔ ያዞሩታል፤ እኔም ለመናገር የተዘጋጀሁትን ውጬ እዘጋዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ወረቀት አያቋርጠኝም ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ ወደቁበት ቀን ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ዕድሜዋ ነው የጣላት» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ዕድሜዎ አይደለም። የጣለዎት እኔ የመረጥኩልዎት ጫማ ነው፤ ለብረት እንደማይሆን ደግሞ ከመውደቅዎ በፊት አውቅ ነበር። ይኸው፣ ወጣልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሐኪሙ አጥንትዎ እየሳሳ ነው ብሎ ክብደት እንዲያነሱ ሲያዝዎት፣ ለቤቱ ሁሉ ያበሰሩት እርስዎ ነበሩ። ባለቤቴን፣ ልጅዎን፣ ሻይ ትን አለው። «እማዬ፣ ዘንቢል ምናምን ማለቱ ይሆናል እንጂ ብረት ማለቱ አይደለም» ሲልዎት፣ «ብረት ነው ያለው፤ የሳሳው አጥንቴ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ሳህን ለማጠብ ሮጥኩ።

ያን ጊዜ እኔና እርስዎ ብዙም አንግባባም ነበር። ተጣልተን አናውቅም፤ ግን አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረን እርስዎ «አንቺ ልጅ» ከማለት በቀር በሌላ ጠርተውኝ አያውቁም፣ እኔም ለብቻችን ስንሆን የማወራው ይጠፋኛል። ወደ ጂም የሚወስድዎት ሰው ሲፈለግ «እኔ» አልኩ። የምሠራበት ጫማ ቤት ከጂሙ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው ብያለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። እንዲወዱኝ ፈልጌ ነው።

እንግዲህ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጫማ ሸጫለሁ። ሰው ከበር ሲገባ እግሩን አይቼ ቁጥሩን እናገራለሁ። ሱቁ ውስጥ አስቀምጬዎት ያን ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋውን የሩጫ ጫማ አወረድኩና ተረከዙን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። «ይዩ እማማ፣ ይዩ እንዴት እንደሚሰምጥ!» ለደንበኛ ሁሉ የማደርገው ነው፤ ጣቴ ሲሰምጥ አይቶ ሳይገዛ የወጣ ሰው ብዙ አላውቅም። በዚያ ላይ አንድ ቁጥር ጨመርኩበት። ትልልቅ ሰዎች ሲውሉ እግራቸው ስለሚያብጥ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንጨምርላቸዋለን፤ የእኛ የጫማ ሻጮች ልማድ ነው። ለሚራመድ ሰው፣ ቆሞ ለሚውል ሰው፣ ዛሬም ያንን ጫማ አወርዳለሁ። ተንበርክኬ ማሰሪያውን ሳስርልዎት እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ሰው ጫማ ሲያስርልኝ ከልጅነቴ ወዲህ ገና ዛሬ ነው» አሉኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስበር ዋልኩ።

ጂም ውስጥ «ማዘር» ሆኑ። ጎረምሶቹ መስታወት ፊት ቆመው ክንዳቸውን ሲያዩ «የትም አይሄድባችሁም፣ ይልቅ ሥሩ!» ይሏቸው ነበር። በሁለተኛው ወር ባዶውን ረጅም ብረት ከመሬት አነሱት። ሃያ ኪሎ! ያን ቀን አውቶብስ ውስጥ አጠገብዎት ለተቀመጠች፣ ለማያውቋት ሴትዮ «ሃያ ኪሎ አነሳሁ» ብለው ነገሯት። ሴትዮዋ ጤፍ የገዙ መስሏት «በስንት?» አለችዎት። እስክንወርድ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ የማወራው ጠፍቶኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከመውደቅዎ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ እርስዎ ልብስ ሊቀይሩ ገብተው ሳለ፣ ጂም ውስጥ የምታሠራዎት አሰልጣኝ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ጫማዎን አንስታ ጠራችኝ።

«የማዘርን ጫማ አልወደድኩትም» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ለስላሳ ነው። ክብደት ሲመጣበት ይጨፈለቃል፣ ቁርጭምጭሚቷም አብሮ ይዋዥቃል። ደግሞ ሰፍቷታል፣ እግሯ ውስጡ ይንሸራተታል። ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ የሆነ፣ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ልክ ቁጥሯ የሆነ ፈልጊላት» አለችና ተረከዙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ይኸው፣ ከሰመጠ ለብረት አይሆንም።»

የራሴን የአውራ ጣት ብልሃት በራሴ ላይ! ደሜ ፈላ። ይቺ የትናንት ልጅ ስለ ጫማ እኔን ታስተምረኝ? «እሺ» አልኳትና ጆሮ ዳባ ልበስ። አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ አንድ የሸራ ጫማ አንስቼ ተረከዙን ተጫንኩት፤ ሶሉ ስስ ደረቅ ጎማ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። በልክዎ ነበረ። መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። እሱን ይዤልዎት ብመጣ «ያንኛውን የመረጥኩት ተሳስቼ ነው» ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ለማለት አፌ አልታዘዝልሽ አለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው እማማ። ባላውቅ ኖሮ ስህተት ይባል ነበር።

ማክሰኞ ነበር። ብረቱ በሁለቱም በኩል ትንንሽ ክብደት ተጨምሮበታል። ጉልበትዎን እንዳለፈ የግራ ጫማዎ ሶል ወደ ውጭ ተጨፈለቀ፣ እግርዎ ውስጡ ሸርተት አለ፣ ቁርጭምጭሚትዎ ተጠመዘዘና በጎን ወደቁ። እጅዎ ከሥር ቀረ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ሆስፒታል ልጅዎ እየሮጠ መጥቶ «እኔ ድሮም ብያለሁ! በዚህ ዕድሜ ብረት!» ብሎ ሲጮህ፣ እርስዎ በጄሶ የታሰረ እጅዎን ታቅፈው «አዙሮኝ ነው፤ ቁርስ ሳልበላ ሄጄ» አሉት። ቁርስዎንማ በልተዋል፤ አብረን ነው የበላነው፣ ሁለት እንቁላል። ለምን እንዲያ እንዳሉ አልገባኝም፤ ግን አፌ ላይ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩት። በሳምንቱ ሴት ልጅዎ መጥታ «እኔ ጋ አርፋ ትቀመጥ» ብላ ይዛዎት ሄደች። ሻንጣዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያኔም አልተናገርኩም። አራት ወር።

ዝምታዬ የተሰበረው ባለፈው ሐሙስ ነው። አሰልጣኟ ሱቅ መጥታ «ማዘር እንዴት ናት?» አለችኝ። ሴት ልጅዎ ቤት ከወንበር እንደማያስነሱዎት፣ ሐኪሙም አጥንትዎ ይበልጥ ሳስቷል እንዳለ ነገርኳት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ስለ ጫማው ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳት» አልኳት።

«ለእሷም እኮ ነግሬያታለሁ» አለችኝ። «ለአንቺ በነገርኩ በሦስተኛው ቀን። ያን ቀን ብረት አላስነሳኋትም። ማክሰኞ ሌላ ሰው ይዤ ጀርባዬን ስሰጣት ነው የጀመረችው።»

«ስትነግሪያት ምን አለችሽ?»

«‹ልጄ ተንበርክካ ያሰረችልኝ ጫማ ነው፤ ባወልቀው ይከፋታል። ቀስ ብዬ አነሳለሁ› አለችኝ። እኔማ እናትሽ ናት ብዬ ነው የማስበው። አይደለችም እንዴ?»

ጓዳ ገብቼ ካርቶኖቹ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ውጪ ደንበኛ «ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር የለም ወይ?» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ውስጥ ንፍጤን እጠርጋለሁ። እርስዎ እኔ እንዳይከፋኝ ብለው እጅዎን ሰበሩ። እኔ ክብሬ እንዳይነካ ብዬ ሲወድቁ አየሁዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።

እሁድ ምሳ ላይ ለልጅዎ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «አራት ወር ሙሉ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ያን ቀን አላናገረኝም፤ መብቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «እህቴን ጠርቼ እናቴን ከቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ እሷን ሳላማክር» አለና ለእህቱ ደወለ። እሱ ትመለስ ይላል። እሷ ደግሞ «ደግማ ብትሰበርስ? ማን ሊጠየቅ ነው?» ትላለች። ስጋቷ እውነት ነው፤ ጫማ ብቻውን ማንንም ከመውደቅ አያድንም። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስሰማ ቆየሁና እንደገና ያው መሆኑ ታየኝ። ሁላችንም ስለ እርስዎ እንወስናለን፤ እርስዎን ግን አንዳችንም «ምን ይፈልጋሉ?» ብለን አልጠየቅንዎትም።

እና እኔ ልጠይቅዎት። መመለስ ይፈልጋሉ? ብረቱንስ ማንሳት ይፈልጋሉ? ወይስ እዚያው ከሴት ልጅዎ ጋር ደልቶዎታል? ወይስ እኔን ከእንግዲህ ማየት አይፈልጉም? የትኛውም ቢሆን ባለቤቴም እህቱም እንዲቀበሉት አደርጋለሁ። ነይ ካሉኝ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ እመጣለሁ፤ አትምጪ ካሉኝም እቀራለሁ።

ብቻ እማማ፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብለው እንዳይመልሱልኝ። ይክፋኝ።

መልስዎን የምትጠብቅ፣
ምራትዎ