ባዶ የቀረው መስመር

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ትከሻሽን ጨምድዶ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ልጅሽ ቁንጥንጧስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። «ደህና» የሚለውን ቃል ስጽፍ ግን ሰሞኑን እጄን ይይዘኛል፤ ምክንያቱን ላጫውትሽ።

ስለ ሥራዬ ባወራሁሽ ቁጥር ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ መዋል ነው እያልሽ ትቀልጂብኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ ተጎልቼ ነው የምውለው። መሥሪያ ቤታችን ለሐኪም ቤቶች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ይሠራል። ሠሪዎቹ አንድ አዲስ ነገር በነካኩ ቁጥር የድሮው እንዳይበላሽ ኮምፒውተሩ ራሱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፈተና ይፈትነዋል። ያለፈው በአረንጓዴ፣ የወደቀው በቀይ ይወጣል። እኔ ጠዋት ጠዋት ውጤቱን አይቼ ይለፍ ወይም ይቁም ብዬ እፈርማለሁ። ሥራዬ በአጭሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ባለፈው ወር አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቀይ የሚባል አልታየም። «የወደቀ፦ ዜሮ» ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እፈርማለሁ። ከታች በትንንሽ ፊደል ያለፉት አራት መቶ አሥራ አንድ ብቻ መሆናቸው ተጽፎ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩትም። አንዷ ፈተና አላለፈችም፣ አልወደቀችም፤ ጭራሽ አልተፈተነችም። የምታነበውን ፋይል ቦታ ቀይረውባት ኖሮ ኮምፒውተሩ ፈልጎ ሲያጣው ዝም ብሎ ዘሏታል። ያቺ ፈተና ደግሞ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች መጠኑ መቀነሱን የምታረጋግጠው ነበረች። በዚያው ሰሞን ያ ስሌት ተበላሽቶ ነበር፤ የሚናገር ግን አልነበረም።

አንዲት ነርስ ለአንድ አዛውንት የታዘዘውን ስታይ ይህ ለእሳቸው ይበዛል ብላ መርፌውን አስቀምጣ ደወለችልን። ሰውዬው በእሷ ዓይን ተረፉ እንጂ በእኔ ፊርማስ አልቆላቸው ነበር።

አለቃችን አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለሰው እንጂ ለፈተና አይሠራም አለችኝ። ውጤት ያልመጣለትን አረንጓዴ አትቀባው፣ ደንግጠህም ቀይ አትቀባው፤ አላውቅም በልና ሄደህ ጠይቅ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የፈተናዎቹን ዝርዝር በጣቴ እየነካሁ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ የቢሮ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።

እታለም፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ያንቺን ደብዳቤዎች ከመሳቢያ አወጣሁና እንደዚያው በጣቴ ቆጠርኩ። በኅዳሩ እማዬ፣ ጋሼ፣ ቁንጥንጧ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሰላም ብለውኛል። አባባም እንደ ልማዱ ሶሉ ሳያልቅ አሠራው ብሎኛል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጫማ ሲጠግን የኖረ ሰው ሌላ ሰላምታ አያውቅም። በታኅሣሡ ላይ የአባባ ሰላምታ የለም። በጥር ወሩም የለም። በየካቲቱም የለም። ልብስ ሰፊው ግን ሁሉም ላይ አለ። ስልክ ስደውልም አንዴ አሁን ገና ወጣ፣ አንዴ ጋደም ብሏል ትይኛለሽ። ክፉ ወሬ አልጻፍሽልኝም፤ እኔም ቀይ ስላላየሁ ሦስቱንም ደብዳቤ ይለፍ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

አልወቅስሽም። ሰው አገር ብቻውን አይደንግጥ፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይሆናል። ወይም እሱ ጆሮው ስለከበደ ምን ልበልልህ ስትይው አልሰማሽ ይሆናል። አላውቅም። አላለቀስኩም፣ ልቤም አላረፈም፤ ፈርቻለሁ ግን፣ በጣም ፈርቻለሁ። በስልክ ያልጠየቅኩሽ እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው፤ ደግሞ ድምፄን ሰምተሽ፣ አንጀትሽ ራርቶ እንዳትዋሺኝ ብዬ ነው። ከላይ የሁሉንም ጤና ስጠይቅ የአባባን የዘለልኩት ረስቼ አይደለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን ጣሪያውን ስላደሱላችሁ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ቁንጥንጧ የፊት ጥርሷ በቅሎ ከሆነ ፎቶዋን ትላክልኝ። ልብስ ሰፊውን አንድም ደብዳቤ ስላላመለጠው አመስግኚልኝ። ለአባባ ደግሞ ሶሉ አልቋል፣ የቀኙ ውሃ ያስገባል፣ ምን ላድርግ ይላል በይው። የሚለውን ከነቃሉ ጻፊልኝ። መልስ የሚሰጥሽ ከሌለም ያንኑ ጻፊልኝ፤ ብቻ መስመሩን ባዶ አትተዪብኝ።

ታናሽሽ

ከመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
መጋቢት 9 ቀን