የቡቺ ራስ

ሶዶ፣ ሐሙስ፣ ጥር 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

አስቴር ዛሬ መርፌ አልተወጋችም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የጋሽ ዳና ውሻ ቡቺ ባለቤቴን አስቴርን በራችን ላይ ነከሳት። ሰፈሩ አብዷል ብሎ ገደለው። ጤና ጣቢያው በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ጀመረላት። ማበዱን መርምሮ የሚያውቀው ግን አዲስ አበባ ያለው ኢንስቲትዩት ስለሆነ የውሻው ራስ መላክ ነበረበት። ጋሽ ዳና፣ “ውሻው የኔ ነው፣ የማደርሰውም እኔ ነኝ” ብለው በበረዶ ሳጥን ይዘውት አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ራሷ ቤታችን መጣች። ኢንስቲትዩቱ ደውሏል፤ ቡቺ ጤነኛ ነበር። መርፌው ይቁም። አስቴር ከተነከሰች ወዲህ ዛሬ ገና ጠግባ በላች።

ጋሽ ዳናም ወሬውን ሰምተው መጡ። የመንገዱን ነገር ያወሩልን ዛሬ ነው። ከሶዶ ሳጥን ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከሥጋ ሌላ ምን ይይዛል? ቦዲቲ ላይ የተሳፈረ ነጋዴ፣ “ጋሼ፣ ጮማ ነው? ትንሽ ይሽጡልኝ” እያለ እስከ ሻሸመኔ ለመናቸው።

“ለሐኪሞች የምወስደው ነው ስለው፣ ‘ሐኪሞቹ ታድለው’ አለኝ።”

አስቴር እስክታነባ ሳቀች።

“አላበደም ብያችሁ ነበር” አሉ ጋሽ ዳና ኮራ ብለው።

“ታዲያ አውቆ ነዋ የነከሰኝ።”

የጋሽ ዳና ዓይን አጥራቸው ላይ ወደተንጠለጠለው የቡቺ ሰንሰለት ሄደ። አስቴርም አየቻቸው።

“ሌላ ቡችላ ያምጡ” አለቻቸው። “መጀመሪያ ግን ከኔ ጋር ያስተዋውቁት።”