ሦስቱ የግራ ጫማዎች

ማክ.፣ ኅዳር 3 ቀን 1972። ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ዛሬም ቁጭ ብዬ እግሬ ደነዘዘ። ትንፋሽ ሲገባ «ገባ»፣ ሲወጣ «ወጣ» እላለሁ። ትንሽ ተሳካልኝ፤ ከዚያ ሐሳቤ ሄደ። መጀመሪያ ወደ ሆስፒታሉ መርፌ መቀቀያ፣ ክዳኑን ገጥሜዋለሁ ወይ? ከዚያ ወደ ሽንኩርት መወደድ። ከዚያ ወደ በሩ። ከውጭ ሰው የቆመ መሰለኝ።

መ/ር ቶሌራ ዓይኑን ጨፍኖ ንቅንቅ አይልም። አ. የምላት ጓደኛችንም እንደዚያው። (ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተም ብትሆን ስሟን አልነግርህም፤ አ. ትበቃሃለች።) እኔ ብቻ አንድ ዓይኔን ገልጬ በሩን እጠብቃለሁ። ጥሞና ሳይሆን ዘበኝነት ነው የያዝኩት።

ሚስተር ጉናሴና ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። ከሲሎን ሒሳብ ሊያስተምረን መጥቶ ይህን አስተምሮን ሄደ። የቡድሃ ሃይማኖት ሰው ነው። የትምህርቱ ስም ለዚህ አገር ጆሮ ስለማይመች እኛ «ጥሞና» እንለዋለን። ሃይማኖታችሁን አልነካም፣ ትንፋሻችሁን ብቻ ጠብቁ አለን። ፍርሃት ሲመጣ አትታገሉት፤ «ፍርሃት ነው» በሉትና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። እሱ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ። እኛም ስንጀምር ሰሌኑ አይበቃንም ነበር፤ አሁን ሦስት ቀርተናል። መምጣት በተዉት አልፈርድም። ያለፈቃድ መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ ማን ያጣዋል?

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ መ/ር ቶሌራ ሰርቪስ ቤት። ጫማ ውጭ ይቀራል፤ ደጃፉ ላይ በረድፍ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ። ጉናሴና በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። መንገድ የረገጠ ነገር ጥሞና ቤት አይገባም።

ሐሙ.፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት፣ መድኃኒት ክፍል ውስጥ

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጥሞናችን አልቆ በሩን ስንከፍት ጫማዎቻችን በረድፋቸው አሉ። ግን ጎዶሎ። ከእያንዳንዱ ጥንድ ግራው የለም። ያንኳኳ የለም፣ የተናገረ የለም፣ ውሻው እንኳ አልጮኸም። ሌባ ቢሆን ሁለቱንም ይዞ ይሄድ ነበር አለ መ/ር ቶሌራ፣ በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ። አ. ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

ሚስቱ ወ/ሮ ጫልቱ ከትልቁ ቤት ነጠላ ጫማ አመጣችልን። እሷ ከእኛ ጋር ተቀምጣ አታውቅም፤ እኔ ቁጭ ካልኩ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ እያለች ታሾፍብን ነበር። ዛሬ አላሾፈችም። በየተራ አወጣችን፣ አ.ን በጓሮ በኩል።

አሁን ልክ ልኩን ላስብ። የመ/ር ቶሌራ ጫማ ቡናማ ነው፤ ቤቱም የሱ ስለሆነ እሱን ለማወቅ ጫማ አያስፈልግም። የአ. ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ ከአምቦ ሴቶች ግማሹ የሚያደርጉት። የኔ ነጭ። የነርስ ጫማ። በዚህ ከተማ ነጭ ጫማ የምናደርገው በጣት የምንቆጠር ነን።

ሜትሮኗ፣ የነርሶች አለቃ፣ በነጠላ ጫማ አየችኝ። እግሬ ቆስሎ ነው አልኳት። አሳዪኝ አላለችም።

ፍርሃት ነው። አየሁት። አልሄደም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

መ/ር ቶሌራን ከክፍል ወሰዱት። ስለ ቅጠል እያስተማረ ነበር አሉ። ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ ተከተላቸው።

ከሰዓት አ. ሆስፒታል መጣች፣ ራሴን አመመኝ ብላ። የደም ግፊቷን ስለካላት ጆሮዬ ሥር አለቀሰች። ባሏን የወሰዱት ልጇ ዳዴ ሲል ነው፤ እስካሁን ደብዛው የለም። የሷም ስም ከተነሣ ልጁ ለማን ይቀራል? አንቺ ትያዣለሽ አለችኝ፣ ጫማሽ ነጭ ነው፤ ሲይዙሽ ሦስተኛዋ ማን ናት ይሉሻል። ምንም ብታደርጊ እኔን አትጥሪ። ማልኩላት። ስምል ግን ሆዴ፣ ሲገርፉሽስ? አለኝ። ሕመም እንደማልችል አውቃለሁ፤ ጥርሴን ሲነቅሉልኝ ሰፈር ተሰብስቦብኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከቀበሌ ስብሰባ መልስ

ሦስቱ የግራ ጫማዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ከሊቀመንበሩ ብርጭቆ አጠገብ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ። ነጩን አንድ ሰው ወልውሎታል፤ ያበራል።

ሊቀመንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። ስለ ፀረ አብዮተኞች ሲናገር ቆየና ጫማዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። ጓዶች፣ አንድ እግሩን ረስቶ የሄደ ሰው በመካከላችን አለ አለ። ሰው ሳቀ። ሲስቅ ግን አዳራሹ ሙሉ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ሁሉም! ምንም የማያውቁት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ያንን ኮሽታ ሰማሁት። እኔም ሰበሰብኩ። አ. ከኋላዬ ነበረች፤ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ቶሎ ቶሎ።

መምህሩ አልናገርም ብሏል አለ ሊቀመንበሩ። ምን ስትወያዩ ነበር ሲባል፣ ምንም፤ ዝም ብለን ትንፋሻችንን ስንሰማ ነበር ይላል። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ባለቤቶቹ እስከሚመጣው እሑድ ቀርበው ጫማቸውን ይውሰዱ፤ ካልቀረቡ ግን ቀበሌው ራሱ እየዞረ ይለካል አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ

እማ ሰምታለች። ነጩን ጫማም አውቃዋለች፤ ስንት ጊዜ አጥባልኛለች። ልትጮኽብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። አቅፋ ሳመችኝ!

ጎጆ ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው እንደሚጸልዩ አውቃለሁ። እኔም በድብቅ ስጸልይ የነበርኩ አድርጋ ወስዳዋለች። ለዓመታት የጸለየችልኝ ነገር የተመለሰላት መስሏታል። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ፣ «ፊታቸው ቆመሽ ጸሎት ነበር በያቸው። ጌታ አያሳፍርሽም። ሂን ሶዳቲን።» አትፍሪ ማለቷ ነው። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካየሁ ቆይቷል።

ጸሎት አይደለም ልላት ነበር። አላልኳትም። ጸሎት ነበር ካልኩ ደግሞ ማን ሰበሰባችሁ፣ ማን ላካችሁ ይባላል፤ ነገሩ ጎጆ ድረስ ሄዶ የእሷን የጸሎት ወንድሞችና እህቶች ያስለቅማል። ይህም አይሆንም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ማስታወሻዬ፣ እንዳትስቅብኝ። የጊንጪ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ ከጊንጪ ወዲያ ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም። ረዳቱ ሲያልፍ እግሬን ያየ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ዶሮ የታቀፈች ሴትዮም እግሬን አየች። አውቶቡሱ ሳይነሣ ወረድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ ብርሃኔን ቀበሌ ጠርተዋታል። ገና ዘንድሮ የተመረቀች ነርስ፣ እግሯ የእኔን ያህል። የሷ ሁለቱም ጫማ አለ፤ ቢሆንም አዲስ ገዝተሽ ይሆናል ብለው ሲያፋጥጧት ዋሉ። ማታ ለቀቋት። ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ነገም ነይ ብለውኛል አለችኝ። ለእኔ ነገረችኝ! ሻይ ቀዳሁላት። ሻዩን ስቀዳላት ራሴን ጠላሁት።

ሐሙ.፣ ኅዳር 12። የቆሻሻ ጭሱ ከተማውን ሞልቶታል

ሰው ሁሉ ለኅዳር ሚካኤል ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ ወ/ሮ ጫልቱ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

ስንቅ ስታደርስ አይታዋለች። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል፤ መራመድ አይችልም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ጠባቂዎቹ ድግምት ነው ብለው ውሃ ይደፉበታል። ተወያይተናል በልና ይተዉህ ብትለው፣ ስለ ምን ልበል? አላት። የእውነት ጠየቃት። ለእኔም መልእክት ልኳል፦ ሌላ ጫማ ትግዛ፣ እንዳትመጣ።

ከዚያ ቁጭ አለችና ስታስብ የሰነበተችውን ነገረችኝ። እንደ ሒሳብ፣ ደረቅ አድርጋ። ዝም ብለው ተቀመጡ የሚለውን ማንም አያምንም። ሰው የሚያምነው አንድ ነገር ነው፤ ወንድና ሴት በጠዋት በር ዘግተው። ያ ደግሞ ፖለቲካ አይደለም፤ ስቀው ይለቁታል።

ጫማዎቹ ሦስት ናቸው አልኳት።

ነርስ አይደለሽ፣ አለችኝ፣ በጥቁር መጥተሽ ሥራ ስትገቢ በነጭ የምትቀይሪ። ሁለቱም የኔ ናቸው በያ!

አንቺስ? አልኳት። ጎረቤትሽስ ምን ይልሻል? «ይበሉኝ» አለች። «ባሌ ቤቱ ይግባልኝ እንጂ፣ ሳቁን እችለዋለሁ።» ከዚያ አለቀሰች። አብረን አለቀስን። እውነት ለመናገር እኔ ለራሴ ነው ያለቀስኩት። ያላገባሁ ሴት ነኝ። አምቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ እስከ ጉደር ለመሰማት አንድ ጋሪ ይበቃል።

ጉናሴና ውሸት አትናገሩ ይል ነበር። የእማ መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ከከለከሉኝ የምደገፍበት ነገር አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መ/ር ቶሌራ ተስማምቷል። ጫልቱ ስትነግረው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ አለች። ብርሃኔን ዛሬም ጠርተዋታል።

አ. ቀኙን ጥቁር ጫማዋን በድንች ዘንቢል ሥር አድርጋ አመጣችልኝ። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሣኋት። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ያየኝ ነበር።

ችግር አለ። ጫማው ይጠበኛል። ለክተሽ አሳዪን ቢሉኝስ? ቫዝሊን ቀባሁት፣ በጨርቅ ወጠርኩት፣ እግሬን አስገደድኩት። ገባ። ማታውን ሙሉ ከአልጋ እስከ በር ተራመድኩበት፤ እንዳላነክስ፣ ፊቴን እንዳላኮሳትር። ትንፋሽ ሲገባ ቀኝ፣ ሲወጣ ግራ። ከተቀመጥኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ አንዱም እንደዚህ አልተሳካልኝም፤ ሐሳቤ የትም አልሄደም። እማ ስትራመጂ ምን ሆንሽ አለችኝ። እየጸለይኩ ነው አልኳት። ደስ አላት።

እሑድ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ቀኙን ነጭ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ቀኙን ጥቁር አድርጌዋለሁ፤ ግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ላይ ነው። ስገባ አዳራሹ ገና እግሬን ሲያይ ይገባዋል። ጠረጴዛው ድረስ ሩቅ ነው።

የምለውን አጥንቻለሁ። አጭር ነው። ስናገር መሬት አያለሁ፤ ያፈረች ሴት መሬት ነው የምታየው። ማፈሩን መማር አላስፈለገኝም።

እማ እኔም እሄዳለሁ ብላለች። ቤት ቅሪ አልኳት፣ ጉልበትሽ አልኳት፣ ብርድ አለ አልኳት። እምቢ። ነጠላዋን ትናንት አጥባ፣ አጥፋ ፍራሽ ሥር አሳድራ ዛሬ ለብሳዋለች። ፊት ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ ልጄ ስትመሰክር ልስማ ትላለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሁለቴ። ግን እማ መዋሸት አታውቅም፤ የሆዷ ሁሉ ፊቷ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚያየው። እሷ ከሳቀች ወይ ካልደነገጠች ማንም አያምነኝም። ስለዚህ መደንገጧ እውነት መሆን አለበት። አንገቷን ስትደፋ እውነት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ልንገራት? የነገርኳት ቀን ደግሞ ለጸሎት እህቶቿ ደስ ብሏት ታወራለች፤ አ. ትያዛለች። አልነግራትም። መቼም።

ፍርሃት ነው። አየሁት። ቁጭ ብሏል፤ ይቀመጥ።

ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠራኛለች። ረፈደ ትላለች። ሂን ሶዳቲን፣ ኢንታላ ኮ፣ እኔ ከፊትሽ ነኝ ትላለች።

መጣሁ እማ።