እንግዳቸውን ለቅሶ ላልደረሱት ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ያቤጽ፣ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅና የሠራተኞች እድር ሊቀመንበር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወንበርዎ ደኅና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስዎ ሐዳሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኀፍረት በቀር ሕመም የለብኝም። በአደባባይ መጻፌ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ እንቅልፍ ስለጣላቸው ነው።

ጉዳዩ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ሐዋሳ የገባው የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲሳችን ሙክታር ነው። ትናንት መልቀቂያ አስገባ፤ እርስዎም ምን ጎደለበት ብለው እንደተገረሙ ሰማሁ። ከክፍላችን ስድስት የሕፃናት ማሞቂያዎች አራቱን ከመጋዘን አውጥቶ ነፍስ የዘራባቸው እሱ ነውና፣ ነገ አንዱ ቀጥ ቢል ማንን እንደምጠራ አላውቅም። ስለዚህ የጎደለበትን ልዘርዝርልዎ።

1ኛ. ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «እንግዳችን» እያሉ በየበዓሉ ከፊት አስቀምጠው ከሁሉ አስቀድመው ያጎርሱታል። ስለ መሣሪያ በሚመከርበት የሰኞ ስብሰባ ግን እንግዳ አይድከም ብለው አንድ ቀን አልጠሩትም። እሱ ሳይጠየቅ የተገዛው የራጅ ማሽን ይኸው የሕንፃው መብራት አልችለው ብሎ ኮሪደር ላይ ተገትሯል፤ አስታማሚዎች ጃኬት ይሰቅሉበታል።

2ኛ. የውጭ ጎብኚ ሲመጣ አዲስ ጋውን አልብሰው፣ ከጎንዎ አቁመው ስለ እኩልነት የሚያደርጉት ንግግር ልብ ይነካል። ጎብኚው ሲሸኝ ጋውኑ ወደ መጋዘን መመለሱ ብቻ ትንሽ ቅር ይላል።

3ኛ. ይህቺኛዋን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ሙክታር እድራችን ውስጥ ልግባ ብሎ ሲጠይቅ፣ እድር ለቋሚ ሰው ነው ብለው መለሱት። ባለፈው ወር እናቱ ካርቱም ላይ ሞቱ፤ ሄዶ መቅበር አልቻለም። መናኸሪያ ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ደጁን ከፍቶ ሦስት ቀን ሰው ጠበቀ። የደረሰችው የጽዳት ሠራተኛዋ ሙንተሃ ብቻ ናት፣ ንፍሮዋን በሳህን ይዛ። የባለቤትዎ አክስት ያረፉ ጊዜ እኮ ሰርቪስ መድበው፣ ሥራ አስፈትተው ይርጋለም ድረስ ወስደውናል! ለሙክታር ሐዘን ግን ሁላችንም ፊትዎን አየን፤ እርስዎ ካልተነሱ ማን ይነሳል? ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ ከሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ያደግሁት እኔ ይህን ለመማር ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ራሴንም አልምርም። ቤቴ ከእሱ ቤት ቢርቅ ሁለት ቅያስ ነው። እሁድ ጸሎት ላይ እንባዬን ሳፈስ የምውለው ሴት፣ አለቃ ፈርቼ የሐዘንተኛ ደጅ አልረገጥኩም። ቱ! በእርስዎም በራሴም አፈርኩ።

እሱ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቶ፣ ማናችንንም ሳይወቅስ፣ የተበላሸውን ማሞቂያ መፍታት ጀመረ።

ስለሆነም መልቀቂያውን ከመፈረምዎ በፊት፣ ቢሮዎ ሳያስጠሩት፣ በእግርዎ ቤቱ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁት በትሕትና አሳስባለሁ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ማስተዋሉን ግን የሚሰጠው ያውቃል።

ከአመራርዎ ብዙ የተማርኩ፣ በተለይም ምን መሆን እንደሌለብኝ፣
ሐዳሳ

ግልባጭ፦ የአለቃ ፊት እያየን ለቀረን የእድሩ አባላት በሙሉ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ነገሩ አለፈ። ሙክታር ከእኛ ለቆ የሚገባበት የሌላው ሆስፒታል ኃላፊ ዛሬ ከሰዓት ሠራተኞቻቸውን አስከትለው ለቅሶ ደረሱት፤ እኔም ከኋላቸው ሾልኬ ገባሁ። ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መጀመሪያ የጠየቁት የእናቱን ስም ነው። እርስዎ ያውቁታል? ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ እኔም አላውቅም ነበር። ሩዋይዳ ይባሉ ነበር።