ባንተ ፋንታ የተቀመጥኩበት ስብሰባ

ልጄ፣ ያለህበት ይመችህ፣ ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እናትህ ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። የጓሮው በር አሁንም እንደተንጋደደ ነው፤ የአናጺ ቤት አይደል! ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ናት። "አባዬ፣ ቃሉን አለስልሰው እንጂ" ትለኛለች። እኔ የማለሰልሰው እንጨት ነው።

ባለፈው ስትደውል ምላስህ ተሳስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላርፍ ብያለሁ፤ መጋዙን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች እዚህም እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር፣ የት እንደሚሰበሰቡ ፀጉር አስተካካያችንን ጠየቅኩት። ምላጩን አንገቴ ላይ አቁሞ፣ "አባባ፣ እርስዎም?" አይለኝ መሰለህ! ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለች ክፍል ናት።

"እኔ አልጠጣም፤ የመጣሁት ለልጄ ብዬ ነው" አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ "አይዞዎት አባቴ፣ እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ለባሌ ብዬ ነበር" አለችኝ። ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ! ግን ልጄ፣ እዚያ ማንም ማንንም አይሰድብም። አንድ ሹፌር እያለቀሰ ሲናገር ዝም ብለው ሰሙት፤ ሲጨርስ ሻይ ቀዱለት። ያኔ አንተን አሰብኩህ።

ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ሰፈሩ "ሽማግሌው ለካ ጠጪ ነው" ይላል፤ ይበል። ያንተም ከተማ እንዲህ ያለ ክፍል አያጣም። ፈልገህ ግባ፤ ባትናገርም ተቀመጥ። እግርህን ፈጣሪ ይምራልህ። የገባህ ዕለት ደውልልኝ፤ ባንተ ፋንታ ሰካራም መባል ሰልችቶኛልና ተረከበኝ።

አባትህ