የቀን መቀየሪያውን የጫንኩ ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ የምሳ ሰዓት

ዛሬም ኮምፒውተሩን ሳልነካው አረፈድኩ። ሳቂብኝ ደብተሬ። ደጀኔ ወደ በቆጂ ከተዛወረ ወዲህ ማን ይንካው? የጤ/ጣቢያችንን የካርድ ፕሮግራም የሠራው እሱ፣ የሚያውቀው እሱ። ችግሩ የቀጠሮ ወረቀት የሚያወጣው በፈረንጅ ቀን ነው፤ በሽተኛው እየተምታታበት ያለቀኑ ይመጣል። ኃላፊያችን አቶ ከድር ይስተካከል ብለዋል። ማን ያስተካክል? እኔ። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በኮንትራት የምሠራ የካርድ ክፍል ሴትዮ።

ደጀኔ በስልክ አስረዳኝ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር፣ ሌላ ሰው የሠራው ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ። ላይብረሪ ይሉታል። ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ፤ ራሱ አውርዶ ራሱ ይጭናል። አንድ መስመር ብቻ! የስንት ሰው ካርድ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ቢጠፋስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፤ ከሥራ መልስ

ጫንኩት። ደጀኔ በስልክ ፊደል በፊደል እያስጻፈኝ፣ እኔ ባንድ ጣት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለሽም አለኝ፤ ክው አልኩ። ደጀኔ ይስቃል፦ «እትዬ ዘነቡ፣ እኔንም እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ አይዞሽ!» በሌላ በኩል አስከፍቶ እንደገና አስጻፈኝ። መስመሩ እየሞላ ሄደ። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ። ተጭኗል አለ። ካርዶቹን አየሁ፣ አሉ። ለሙከራ አንድ ወረቀት አወጣሁ፤ ኅዳር ብሎ በአማርኛ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፤ ማምሻውን

የስኳር በሽተኞች ቀን። ሃያ ሦስት ሰው። ኢንሱሊን ስላጠረ የሚታደለው የሳምንት ብቻ ነው፣ የሁሉም ቀጠሮ ሳምንት ረቡዕ። አባባ ግርማ ለመኑኝ፤ ሳምንት ረቡዕ የኅዳር ሚካኤል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ልዋልበት፣ ሐሙስ አድርጊልኝ ብለው። አይቻልም አልኩ። ሐሙስ ሲስተር ሌላ ጣቢያ ናት፣ የመድኃኒቱ ፍሪጅም ይቆለፋል። አኩርፈው ወጡ። ግርግር ነበር፤ አወጣሁ ሰጠሁ፣ አወጣሁ ሰጠሁ። ማን ቆሞ ያነባል?

ዓርብ፣ ኅዳር 7፤ ጠዋት 4፡00

አባባ ግርማ መጡ። ሊያመሰግኑኝ! «ተባረኪ ልጄ፣ ባፍሽ እምቢ ብለሽ በወረቀቱ አዛወርሽልኝ።» ተቀብዬ አየሁት። ኅዳር 13 ይላል። ረቡዕ እኮ 12 ነው። ሚካኤል 12 መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። የሌሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። 13፣ 13፣ 13። የሃያ ሦስቱም።

ያው ቀን፣ 11፡30

ለደጀኔ ደውዬ ነገርኩት። እሱም፦ ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ዘንድሮ ቀናችን ከፈረንጁ ጋር ባንድ ይዛነፋል፣ ያ የጫንነው ነገር ይህን አያውቅም። ስድስት መሆኗን እኔ አውቃለሁ እኮ! ስድስቱንም ቀን ጠበል ተጠምቄያለሁ። ማን ጠየቀኝ።

አስነቀለኝ፣ ሌላ አስጫነኝ። አሁን 12 ይላል። ግን ወረቀቱ ሰው እጅ ገብቷል። ያላቸው መድኃኒት እስከ ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ ሲመጡ ፍሪጁ ዝግ። ደጀኔ ለአቶ ከድር እንዳትነግሪ ይላል። በስልክ እንጨርሰው፣ ኮንትራትሽ እንዳይቋረጥ። እሺ አልኩት። ምን ልበል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ስደውል ዋልኩ። አሥራ ሰባቱን አገኘሁ። አንዷ፦ «ስኳሩ አልበቃ ብሎን አንቺ ደግሞ ቀን ታምታቺብን!» ብላ ሳቀች። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ። ስድስት ቀሩ። ሁሉም ከኦጎልቾ ገጠር፣ ወይ ስልክ የላቸው ወይ አይሠራ። አንዷ አደ ሞሚና የሚሏት ሴትዮ ናት። ያለፈው ወር መርፌዋ አንድ ቀን ቢያልፋት ራሷን ስታ፣ እስከ መኪና መንገድ በሰው ሸክም ነው የወጣችው። ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ኦጎልቾ። ዝም ብልስ? ገጠሬ ነው፣ ቀን ተሳስቶበት ነው ይባላል። ማንም እኔን አይጠይቅም። ይህን ሳስብ የባሰ ፈራሁ። ራሴን ፈራሁ፣ ደብተሬ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ጠዋት 1፡30

አቶ ከድር ቢሮ በር ላይ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንቺን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። አልገቡም። የምላቸውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። የጫንኩት እኔ፣ ሳላነብ ያደልኩትም እኔ። ሐሙስ ሲስተር አትሂድ፣ ፍሪጁ ይከፈት። እኔ አሁኑኑ በሚኒባስ ኦጎልቾ ልውረድ፣ ስድስቱንም ቤት ለቤት እፈልጋለሁ። ስለ ኮንትራቱ እንደወደዱ ያድርጉ። ሞተራቸው ግቢ ገባ። ኮቴያቸው ተሰማኝ፣ ልነሳና ልንገራቸው።